ደህናው እጅ

«የእናት ሥራ» የሚል ጥያቄ ቅጽ ላይ በመጣ ቁጥር «የቤት እመቤት» ብላ የምትሞላ ሴት ነበረች። ከአንደኛ ክፍል እስከ ሁለተኛ ዲግሪዋ አንድም ቀን እውነቱን ጽፋ አታውቅም። እናትየዋን የሚያውቅ ሰው ይሄን ቢያነብ በሳቅ ይሞት ነበር። ምግብ ብትሠራ ጨው የምትረሳ፣ ቤት ብትጠርግ ጥግ ጥጉን የምትዘል ሴት የምን የቤት እመቤት! እናትየው ወጌሻ ናት። የወለቀ ትመልሳለች፣ የዞረ ታቃናለች፣ የተሰበረ ታስራለች። ሰፈሩ «እማማ አይዞህ» ይላታል፤ ሰው ገና በሩን ሳያልፍ «አይዞህ! አይዞህ!» ስለምትል። ለወንዱም፣ ለሴቱም፣ ለሽማግሌውም ያው ነው። አንዲት ወይዘሮ «እኔ እኮ ሴት ነኝ» ብትላት «ለቁርጭምጭሚትሽ ምን ለውጥ አለው? ዝም ብለሽ ዘርጊው» አለቻት።

ልጅቷ ያደገችው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃ ኋላ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አግዳሚ ወንበር፣ የሞቀ ውሃ፣ ፎጣ፣ ዘይት፣ የሰው ጩኸት። ከመጋረጃው ወዲህ እሷና የቤት ሥራዋ፣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ። አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪዋ ትከሻው ወልቆ መጣና «እናቴ ድረሺልኝ!» እያለ ሲጮህ ሰማችው። በማግስቱ ክፍል ሲገባ ዓይኗን ማየት አቃተው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስም አንዲት ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም። ተማሪዎቹ «የወጌሻዋ ልጅ» ሲሏት ፊቷ እሳት ይመስል ነበር።

እናትየው አንድ የማትለቀው ወግ አላት፤ ከእናቷ የወረሰችው፣ እናቷም ከእናቷ። ሰው ቀኝ እጁን ተሰብሮ ቢመጣ መጀመሪያ የምትይዘው ግራውን ነው። ከትከሻው ጀምራ እስከ ጣቱ ጫፍ በቀስታ ትዳስሰዋለች፤ እየዳሰሰችም ትጠይቃለች። ይሄ እጅ ምን ይሠራል? ምን ያነሳል? ማንን ያቅፋል?

«እማማ፣ የታመመው እኮ ያኛው ነው!» ይላል ሰውዬው።

«አውቃለሁ። ዕውር መሰልኩህ?»

«ታዲያ ደህናው ምን ያደርግልዎታል?»

«ያኛው ጤነኛ ሳለ እንዴት እንደነበረ የሚያውቀው ይሄ ነው። አብረው አይደል የኖሩት? የታመመውማ ደንግጧል፤ አሁን ብጠይቀው ምኑን ይነግረኛል?»

ከመጋረጃው ኋላ ያለችው ልጅ ይሄን ሁሉ የማዘናጊያ ዘዴ ነው ብላ ደምድማለች። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቦና ስታጠና ግን አንዳንዴ ማታ ማታ ትዝ ይላትና ገጹን ቶሎ ትገልጠዋለች።

ሆስፒታል ስትቀጠር የተሰጣት ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ከአንሶላ መጋዘኑ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ካርቶን ሶፍት። በሩ ላይ «የሥነ ልቦና ምክር» ይላል፤ ሕመምተኛው ግን «ሲስተር» ነው የሚላት። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ምን ይደረጋል። እናቷ ደግሞ «የኔ ዶክተር» ትላታለች። «ዶክተር አይደለሁም እማዬ» ብላ ብላ ሰልችቷት ተወችው። ሥራዋን ግን ትወደዋለች፤ ጎበዝም ናት። ከሁሉም በላይ ዝም ማለት ትችላለች። ሰው ነገሩ ጉሮሮው ላይ ሲቆምበት ሌላው ይጨንቀውና አንድ ቃል ጣል ያደርጋል። እሷ ትጠብቃለች። ቀላል ይመስላችኋል? ሞክሩት እስቲ! ሰው ፊት ለፊታችሁ እንባው እየወረደ ሁለት ደቂቃ አፋችሁን ዘግታችሁ ተቀመጡ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ወጌሻ የነካው ሕመምተኛ ሳይዘገይ ለሐኪም ይታይ፤ ወጌሻ ግቢው ውስጥ መግባት አይችልም።» የጻፈው የአጥንት ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ነው። ሠራተኛው ከጀርባው «ጢሞ» ይለዋል፤ ደረቱ ድረስ የወረደ ነጭ ጢም አለው፤ ሲናደድ ይጎትተዋል፣ ሲያስብ ያበጥረዋል። እሷም ዘወትር ጠዋት በዚያ ማስታወቂያ ሥር አንገቷን ደፍታ ትገባለች።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው ፀጉር አስተካካዩ የመጣው።

ሚስቱ በክርኑ ይዛ አመጣችው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ሲያስተካክልና ጢም ሲላጭ የኖረ፣ እጁ የተመሰከረለት ባለሙያ ነው። አሁን ቀኝ እጁ ከትከሻው ጀምሮ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል። አራት ወር ሆነው። ራጅ ተነሳ፣ አጥንቱ ደህና። ነርቩ ተመረመረ፣ ደህና። ጭንቅላቱም ታየ፣ ደህና። «ምንም የለብህም» አሉት። ምንም የለበትም፣ ግን ብርጭቆ ማንሳት አይችልም! ኮሪደሩ ላይ «ያስመስላል» የሚሉ አልጠፉም። እሱም ሰምቷል።

«አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ነው» አለች ሚስቱ።

አማካሪዋ የተማረችውን ሁሉ አደረገች። ስለ ቀኝ እጁ ጠየቀችው። ስለ አባቱ ጠየቀችው። ሕመሙን ከአንድ እስከ አስር ቁጥር ይስጡት አለችው። ሰውዬው ትሁት ነው፣ ቀጠሮ አያሳልፍም፣ ግን ወይ ፍንክች። «አባቴ አርጅቶ ነው የሞተው ሲስተር። ሰው ያረጃል፣ ይሞታል።» ከዚያ በኋላ ጫማውን ያያል። ስድስት ቀጠሮ እንዲህ አለፈ። ዝም ስትለው እሱም ዝም ይላል፤ ዝም በማለት የሚበልጣት ሰው አገኘች።

በስድስተኛው ሳምንት ዶክተሩ አስጠራት። «ሦስት ሳምንት እሰጥሻለሁ» አላት። «ከዚያ ሰውዬው የሐኪሞች ቦርድ ፊት ይቀርባል፤ ቋሚ ጉዳተኛ ብለን እንጽፍለታለን። ቢያንስ ይረፍ።»

ክፋት አልነበረበትም። ግን እሷ የሚሆነውን ታውቃለች። አንዴ «ይሄ እጅ አይሠራም» ተብሎ ማኅተም ካረፈበት፣ እጁ ወረቀቱን አምኖ እንደዚያው ይቀራል። ስትወጣ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«ሲስተር፣ ትናንት ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ቁረጡልኝ› ብሎ ሐኪሙን ለመነው። እጄን ቁረጡልኝ!»

ክፍሏ ገብታ ከሁለቱ ወንበሮች በሕመምተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

እሑድ እናቷ ዘንድ ሄደች። ልትጠይቃት አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለእናቷ አውርታ አታውቅም። እናትየው የአንድ ኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት ይዛለች። ልጅቷ እንደ ልጅነቷ ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ቁጭ አለች። ብዙ አልቆየችም፤ ሆዷ ሞልቶ ኖሮ ተነፈሰችው።

«እማዬ፣ አንድ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልነግርሽም። ቀኝ እጁ እምቢ አለ። አጥንቱም ነርቩም ደህና ነው። ስድስት ጊዜ አነጋገርኩት፤ ምንም።»

«ግራው ምን አለ?» አለች እናትየው ከወዲያ።

«እማዬ ደግሞ! የታመመው እኮ ቀኙ ነው!»

ቃሉ ከአፏ ወጣና ደርቃ ቀረች። ዕድሜዋን ሁሉ ከዚያ መጋረጃ ኋላ ስትሰማው የኖረችው ቃል ነው። ከወዲያ በኩል የእናቷ ሳቅ መጣ።

«ዕውር መሰልኩሽ?»

ኳስ ተጫዋቹም አብሮ ሳቀ፤ እየሳቀ ሳለ ቁርጭምጭሚቱ ቋ አለና ሳቁ ወደ ዋይታ ተለወጠ። «በቃ፣ አለቀ! አይዞህ!» አለችው እማማ አይዞህ፤ እግሩን በፎጣ ጠቅልላ ከሸኘችው በኋላ መጋረጃውን ገለጠች።

«ስድስት ጊዜ ቁስሉ ላይ ቆመሽ ነው ‹ተናገር› ያልሽው? ምን ያድርግ ሰውዬው! ከደህናው ጀምሪ። ያዢው፣ ዳስሺው፣ ጠይቂው።»

«እኔ ሰው አልነካም። የሥራችን ደንብ ነው።»

«ሳትነኩ ነው የምታክሙት? ጉድ ነው!»

«አንቺ ብትመጪስ?» አለች ልጅቷ፤ ራሷም ደነገጠች።

እናትየው ዘይት የነካ እጇን በፎጣ ጠረገች። ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። «ማንበብ ባልችልም በራችሁ ላይ የተለጠፈውን ሰው አንብቦልኛል። እሺ፣ መጣሁ እንበል። ይቺ ሴትዮ ማን ናት ሲሉሽ ምን ልትይ ነው? የቤት እመቤት?»

ታውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ታውቅ ነበር! ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ እንባዋ ጉልበቷ ላይ ጠብ ጠብ አለ። እናትየው አጠገቧ ተቀመጠችና፣ እንደ ወጓ፣ ግራ እጇን ያዘችላት። አንዲት የቁጣ ቃል እንኳን አልተናገረቻትም፤ «እመጣለሁ» ብቻ አለቻት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ፀጉር አስተካካዩን፣ ወጌሻ እጁን እንድታየው አስፈቀደችው። «የፈለጋችሁትን አድርጉ» አለ፤ ሚስቱ ግን «ይሁን! ይሁን!» ብላ ዘለለች። ቀጥሎ እንደ ጠያቂ ሰው የገባችውን እናቷን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። ነገሩን ሲሰማ ጢሙን ይዞ ጎተተው።

«ወጌሻ? እዚህ? ስሚ፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ክንዱን ሰብሮት ወጌሻ በእንጨት ጥፍር አድርጎ አሰረለት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጣቱ ጠቁሯል። በዚህ እጄ ነው የልጁን እጅ የቆረጥኩት። ያንን ማስታወቂያ ለክፋት የጻፍኩት መሰለሽ?»

እሷ ያን በልጅነቷ የዋጠችውን ነገር አወጣችው።

«ዶክተር፣ ወጌሻዋ እናቴ ናት።»

ዶክተሩ ጢሙን ለቀቀ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ፤ እማማ አይዞህ ግቢ እስክትባል የምትጠብቅ ሰው አይደለችም።

«ልጄ፣ ያንን ሕፃን ያሰረውን ሰው ባገኘው በዱላ ነው የምለው!» አለች። «ሰው እንዴት አጥብቆ ያስራል? ካሰሩ በኋላ ጣቱን በየሰዓቱ ማየት ነው። ከቀዘቀዘ መፍታት ነው፣ ፈትቶም ወዳንተ መላክ። ቆዳው ከተቀደደ ጭራሽ አልነካም፤ ወዳንተ ነው። ስንቱን ላኩልህ! ቀይ ክር አስሬ እልክልህ የለ?»

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሳ።

«ቀዩ ክር…» አለ ዶክተሩ። «ቀዩ ክር የእርስዎ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታት አንዳንድ ሕመምተኛ እጁ ላይ ቀይ ክር አስሮ ይመጣል። ማን አሰረልህ ሲሉት የበሩን ማስታወቂያ ፈርቶ አይናገርም። ነርሶቹ ግን ልብ ብለዋል፤ ባለ ቀይ ክሩ ሁልጊዜ የምር አጣዳፊ ነው፣ ሁልጊዜም ሳይረፍድ ነው የሚደርሰው። «ባለ ክር መጣ!» ካሉ ወረፋ የለም፣ ቀጥታ ወደ ውስጥ ነው። ዶክተሩ ራሱ ክሩን ያሰረው የሆነ ጤና ጣቢያ ይሆናል ብሎ ያስብ ነበር።

«ግን ለምን በደህናው እጅ ላይ?» አለ፤ ይሄ ጥያቄ ለካ ሲከነክነው ኖሯል።

«በታመመው ላይ አስሬ ደሙን ልይዝበት ነው? አንተ ደግሞ፣ ተምረሃል አሉ!»

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ዶክተሩ ግን ሳቀ፤ ጢሙ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ለእናትየው ቅድመ ሁኔታውን ነገራት፦ ማሸት የለም፣ መቀባት የለም፣ ማሰር የለም፤ እሱም ገብቶ ይቀመጣል። «ተቀመጥ፤ ወንበር አይጠፋም» አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ጥበቃው በሩ ላይ የእንግዳ መዝገብ ዘረጋ። ስም፣ ከሠራተኛው ጋር ያለው ዝምድና፣ ሥራ። ልጅቷ እስክሪብቶውን ተቀበለችና ጉልህ አድርጋ ጻፈች፦ እናት። ወጌሻ። ጥበቃው አነበበው፣ ማስታወቂያውን አየ፣ እሷን አየ። «ዶክተሩ ያውቃል» አለችው። በዚያ ጠዋት አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች።

ለጠባቧ ክፍል ከመጋዘኑ ሁለት ወንበር ተጨመረ። ፀጉር አስተካካዩ ቀኝ እጁን እንደ ሁልጊዜው ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እማማ አይዞህ ፊት ለፊቱ ሆነችና «ግራህን ስጠኝ» አለችው።

ልክ እንደ ሌላው ሰው፣ «የታመመው ቀኙ ነው እማማ» አለ። መልሱን ታውቁታላችሁ።

ግራ እጁን ከትከሻው ጀምራ ዳሰሰች። ሰውዬውን ከአምስት ወር በላይ በዚያ በኩል ማንም አልነካውም። ትከሻው ቀስ በቀስ ዝቅ አለ።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ምንም። ሥራው የቀኙ ነበር።»

«ዋሾ! ምንም የማይሠራ እጅ እንዲህ ጣቱ ጫፍ ላይ አይወፍርም።»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይይዛል» አለ። «ቀኙ ሲላጭ እሱ ቆዳ ይወጥራል። አገጭ ይደግፋል። ዙር ስለው ሰውየውን ያዞራል።»

«አሃ! አየህ፣ ሠራተኛ ነው። መጨረሻ የደገፈው የማንን አገጭ ነው?»

የሰውየው ፊት ተለወጠ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እማማ አይዞህ ያቺን የለመደችውን ቃል ልትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ልጇ በዓይኗ ያዘቻት። አትናገሪ! አሁን አትናገሪ። ይሄ የኔ ነው። እናትየው ገባት፤ እጁን እንደያዘች አፏን ዘጋች። የግድግዳው ሰዓት ቆጠረ። ዶክተሩ እንኳ ጢሙን አልነካም። አንዷ ይዛው፣ አንዷ ዝም ብላለት፣ ሰውዬው እዚያ መሐል ቆየ።

«የአባዬን» አለ በመጨረሻ።

ከዚያማ ዘረገፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱን ይላጭ ነበር። ያን ቅዳሜ አረፋውን ቀባው፣ በስተቀኝ ያለውን ጨረሰ፣ «አባዬ፣ ዙርልኝ» አለው። አባትየው አልመለሰም። እንቅልፍ ወሰደው ብሎ በግራ እጁ አገጩን አዞረው። ከበደው። ሁልጊዜ ይከብድ ነበር እንዴ? ብሎ አሰበ፣ ግን ምላጩን አሳረፈ።

«ቆረጥኩት» አለ። «በሃያ ዓመት አንዴም ቆርጬው አላውቅም፤ ቆረጥኩት። ደም አልወጣም። ደም ሳይወጣ ሲቀር ነው ያወቅኩት።»

ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ። ምላጩ ከእጁ ወደቀ፤ መጨረስ አልቻለም፤ ሌላ ሰው እንዲጨርስለትም አልፈቀደም። ፎጣውን አልብሶ «ፊቱን እንዳትገልጡ» ብሎ አለቀሰ፤ ሰውም ሐዘን ነው ብሎ ተወው። አባቱ ግማሽ ጢሙን ይዞ ተቀበረ። መቁረጡን እስከ ዛሬ ለሚስቱም አልነገራትም።

«የሞተ አባቴን የቆረጠ እጅ ነው» አለ ቀኙን እያየ። «ምን ይሠራልኛል?»

አማካሪዋ አሁን ተናገረች። «ምላጩ የወደቀው መቼ ነው?»

«ወዲያው።»

«ግራ እጅዎስ? አገጩን ለቀቀው?»

ሰውዬው አሰበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄን የጠየቀው የለም፤ ራሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። «አለቀቀውም» አለ ቀስ ብሎ። «ሚስቴ ከገበያ እስክትመጣ ድረስ ይዤው ነበር። እንዳይወድቅ።»

«እንግዲህ አባትዎ ብቻቸውን አልሞቱም። ልጃቸው ፊታቸውን ይዞላቸው ነው የሞቱት።»

ሰውዬው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያኔ እማማ አይዞህ ልጇን አየቻት፤ ልጇ ራሷን ነቀነቀችላት። «አይዞህ» አለችው እናትየው፤ ለምዳበት እንዲሁ የምትወረውረውን ቃል በዚያች ደቂቃ ከአንጀቷ አወጣችው። ዶክተሩ ተነስቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ጀመር፤ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ የአንሶላ ማስጫ ገመድ ብቻ ነው ያለው።

በነጋታው እጁ ተንቀሳቀሰ ብዬ ብነግራችሁ ውሸታም ነኝ። ሦስት ቀን ምንም አልሆነም። በአራተኛው ትንሿ ጣቱ ተነቃነቀች፤ ሚስቱ ኮሪደሩን በእልልታ ሞላችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተሠራ። ጠዋት ከአማካሪዋ ጋር ያቺን ቅዳሜ ደጋግሞ ይተርካል፤ በተረከ ቁጥር ድምፁ እየተስተካከለ ሄደ። ከሰዓት እማማ አይዞህ ግራውን በቀኙ ላይ ታስይዘውና «አንተ አስተምረው» ትላለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ቀጥሎ ጡንቻውን ያሠራዋል። በሳምንቱ ብሩሽ ያዘ። ከዚያ አማካሪዋ ፊኛ ገዝታ መጣች፤ የሙያው ጀማሪዎች የሚለማመዱት እንዲህ ነው፣ ፊኛውን አረፋ ቀብቶ በምላጭ መላጨት። ሦስቱ ፈንድተው አረፋው ፊዚዮቴራፒስቱ መነጽር ላይ ተረጨ። አራተኛው አልፈነዳም።

አንድ ነገር ግን እምቢ አለ። ፊኛውንም ቢሆን ግማሹን ላጭቶ ይቆማል። ግማሹ ላይ ሲደርስ እጁ ይሞትና ምላጩ ይወድቃል። ሁልጊዜ ግማሹ ላይ!

የቦርዱ ቀን ደረሰ። ሁለት ሐኪሞች ከሌላ ክፍል መጥተው ወረቀታቸውን ዘርግተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ገባ፣ ሚስቱ ገባች፣ አማካሪዋና እናቷ በሩ አጠገብ ቆሙ። ዶክተሩ ግን ከጠረጴዛው ኋላ አልተቀመጠም። መሐል ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አደረገ፣ ያን ደረቱ ድረስ የወረደውን ነጭ ጢም ወደ ላይ ቀና አደረገ።

«ምርመራው ይሄ ነው» አለ። «ላጨኝ።»

ጉድ! በሩ ላይ ነርስ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ ሳይቀር ተሰበሰበ። ጢሞ ጢሙን ሊላጭ! ፀጉር አስተካካዩ በመቀስ አሳጠረው፣ አረፋውን ቀባ፣ ምላጩን አነሳ። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይሄዳል። ከጆሮ ወደ አገጭ፣ ከጆሮ ወደ አገጭ። በስተቀኝ ያለው ጉንጭ ብቅ አለ፤ ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ያላየ ጉንጭ። ጨረሰው። ከዚያ ቆመ።

ምላጩ አየር ላይ ቀረ። ጣቶቹ ሲላሉ አማካሪዋ አየች። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። ከቦርዱ ሐኪሞች አንዱ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ግራዎ ምን ይላል?» አለች አማካሪዋ።

ሰውዬው የዶክተሩን አገጭ የደገፈውን ግራ እጁን ተመለከተ። «ይሞቃል» አለ። «ይመታል። ደም ሥሩ ይመታል።»

«ታዲያ ለቀኙ ይንገረው!» አለች እማማ አይዞህ።

«ዶክተር፣ ይዙሩልኝ» አለ ሰውዬው።

«እሺ» አለ ዶክተሩ፤ ራሱም ዞረ። ምላጩ አረፈ። አንድ ጊዜ ሳበ፣ ሁለተኛ ሳበ፣ በሦስተኛው እጁ ተንሸራተተና ዶክተሩ «ውይ!» አለ። ከነጩ አረፋ መሐል አንዲት ቀይ ነጥብ ወጣች፣ ሰፋች፣ ወረደች።

ፀጉር አስተካካዩ አፈጠጠባት።

«ደም ወጣ» አለ። «ደም ወጣ! አያችሁ? ደም ወጣ እኮ!»

ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ምላጩ ግን እጁ ውስጥ ነው፣ አልወደቀም። «ቆረጥከኝ፣ ደግሞ ትስቃለህ?» አለ ዶክተሩ፤ ራሱም እየሳቀ ስለነበር አረፋው አፉ ገባ። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሰውዬው ደሙን በፎጣው ጫፍ ጠረገ፣ ቆዳውን በግራው ወጠረ፣ ከጆሮ ወደ አገጭ፣ ከጆሮ ወደ አገጭ፣ እስከ መጨረሻዋ ፀጉር ድረስ ላጨው። ከዚያ ፊቱን በሞቀ ፎጣ ጠርጎ ጎንበስ አለና፣ ማን እንደተቀመጠ ረስቶ፣ «ጨረስኩልህ አባዬ» አለ።

ያ ሠራተኛው በፊቱ ከ«ዶክተር» ሌላ ብሎት የማያውቀው ሰው ቀና ብሎ አየው። «ተባረክ ልጄ» አለው።

ከቦርዱ ሐኪሞች አንዱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ልጅቷ እናቷን «አየሽ?» ልትላት ዞር ስትል፣ እማማ አይዞህ በሩን ተደግፋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች፤ የስንቱን እንባ ስታይ የኖረች ሴት እንዲህ ስታለቅስ ልጇ አይታ አታውቅም። ከጋውኗ ኪስ ሶፍት አወጣችና ግራ እጇን ያዘቻት።

«አይዞሽ እማዬ» አለቻት።